ውሃም አባት ይሻል

ከወልድያ ተነሥቶ በመቀሌው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የአላውሃን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ ሜዳው እየሰፋ፣ ሙቀቱም እየበረታ መሄዱን ወዲያው ያስተውላል። በስተ ግራው የላስታና የግዳን ደጋ እንደ ግንብ ቆሞ ይታየዋል፤ በስተ ቀኙ ከአፋር በረሓ የሚለየው የዞብል ተራራ ተጋድሟል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ለጥ ያለ ሜዳ የራያ ቆላ ነው። የቆቦ ከተማም የተቆረቆረችው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው።

ይህን አገር በመስከረም ወር ያየ ሰው፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ሲወዛወዝ ተመልክቶ፣ «በእንዲህ ያለ ምድር ላይ እንዴት ሰው ይራባል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በግንቦት ወር ያየው ደግሞ አሸዋና ድንጋይ ብቻ የቀረበትን የወንዝ ጎዳና ተመልክቶ፣ «በእንዲህ ያለ ምድር ላይስ እንዴት ሰው ይኖራል?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚገቡ ናቸው፤ የራያ ቆላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱን መልክ የሚያሳይ አገር ነውና። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ክፉኛ ካጠቃቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ቆላ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው የኮረም መጠለያም ከዚሁ ሜዳ ራስጌ ባለው ደጋ ላይ ነበር።

ልብ የሚያቃጥለው ግን በዚህ አገር ውሃ ሳይጠፋ ሰው መጠማቱ ነው። በክረምት ከምዕራቡ ደጋ የሚወርዱት ሆርማት፣ ጎሊናና ሌሎቹም ወንዞች ድንጋይ እያንከባለሉ፣ የደጋውን አፈር አጥበው እየያዙ ሜዳውን ሰንጥቀው ወደ ምሥራቅ ያልፋሉ። ጎርፉ በመጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወንዙ እንደ ገና አሸዋ ይሆናል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለጎጃም ብቻ የተነገረ አይመስለንም፤ የሆርማትንና የጎሊናንም ልጅ የሚመለከት ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚሁ አላፊ ውሃ ነው፤ ይልቁንም አላፊውን ውሃ ይዞ ለሕዝብ ስለሚያካፍለው ሰው ነው።

ባለፈው ሐምሌ ወር ለጥቂት ቀን ወደ ቆቦ ወርደን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ሁለት ዓመታችን ስለ ሆነ፣ ያየነውን ሁሉ ለማረም የምንቸኩልበት ጊዜ ላይ ነን። አንድ ማለዳ ከከተማው ወጣ ብለን በወንዝ ዳር ስንሄድ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው፣ በበሬም አፈር እያስጎተቱ በወንዙ ጎዳና ላይ ክትር ሲሠሩ አገኘናቸው። ክትሩ ከአፈር፣ ከድንጋይና ከእሾህ ቅርንጫፍ የተሠራ ነው። ጎርፉን ከወንዙ ጠልፎ ወደ እናት ቦይ ያገባዋል፤ ከእናት ቦይ ወደ ልጅ ቦዮች፣ ከእነርሱም ወደ ማሳ ይከፋፈላል። ሥራውን ከዳር ቆመው የሚመሩት ነጭ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

እኛም ሰላምታ ሰጥተን፣ «አባቴ፣ ይህን ሁሉ ድካም የአንድ ሌሊት ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። ስለ ምን በሲሚንቶ አታሠሩትም?» ብለን ጠየቅናቸው።

ሽማግሌው ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ትንሹ ጎርፍ ሲመጣ ክትሩ ያዞርልናል። ትልቁ ሲመጣ ይሰበርልናል። ባይሰበር ኖሮ ጎርፉ ማሳችንን ይዞ ዞብል ይገባ ነበር» አሉን።

ይህን ቃል አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። «ይሰበርብናል» አላሉም፤ «ይሰበርልናል» ነው ያሉት። እኛ ድህነትና አላዋቂነት ነው ብለን ያየነው ነገር ለካ የታሰበበት አሠራር ኖሯል። ክትሩ እንዲሰበር ሆኖ የተሠራ ነው። መጠነኛውን ውሃ ይይዛል፤ ከመጠን ያለፈው ሲመጣ ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ ማሳውን ያድናል። በማግስቱ ሕዝቡ ወጥቶ እንደ ገና ያቆመዋል። በአንድ ክረምት ክትሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊፈርስና ሊሠራ ይችላል። ይህ ሁሉ ድካም ያለ ሕግና ያለ መሪ የሚሆን እንዳልሆነ ማንም ይረዳዋል።

እኒያን ሽማግሌ የአገሩ ሰው «የውሃ አባት» ይላቸዋል። በዚያው በራያ ሜዳ በትግርኛ የሚናገረው ሕዝብም «አቦ ማይ» ይላል፤ ትርጉሙ ያው ነው። የውሃ አባት የሚመረጠው በሀብቱ ብዛት ሳይሆን ለማንም የማያዳላ ነው ተብሎ ነው። ቦዩ የሚጠረግበትን ቀን የሚቈርጥ እርሱ ነው። በጥርጊያው ቀን ያልወጣ ሰው ይቀጣል፤ ወይም ተራው ይዘለላል። ጎርፉ በራስጌ ካሉት ማሳዎች ጀምሮ ወደ ግርጌ ይወርዳል፤ ያንድ ሌሊቱ ውሃ ግርጌ ሳይደርስ ካለቀ ቀጣዩ ጎርፍ ካቆመበት እንዲጀምር ይደረጋል። ውሃ ሰረቀ የተባለ ሰው ቢኖር ነገሩ በሽማግሎች ይታያል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ብዙውን ጊዜ በሌሊት ነው። በሜዳው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ በደጋው መብረቅ ሲያብለጨልጭ ይታያል፤ ሕዝቡም አካፋውን ይዞ፣ ባትሪውን አብርቶ ወደ ቦዩ አፍ ይሮጣል። በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ሁሉም ለማሳው በሚሳሳበት ሰዓት፣ «ለእገሌ ልቀቁ» የሚለው ድምፅ የሚሰማው ባለ ድምፁ የታመነ ሰው ስለ ሆነ ብቻ ነው።

ስያሜውም ራሱ ትምህርት አለው። «የውሃ ዳኛ» ወይም «የውሃ ሹም» ሊሉት ይችሉ ነበር። «አባት» ያሉት እንጀራን ለልጆቹ የሚቈርስ፣ ከሁሉ በኋላ የሚበላ ሰው እንዲሆን ፈልገው ይመስለናል።

አሁን ወደ ተማርነው ሰዎች ነገር እንምጣ። ከ1990ዎቹ ወዲህ በራያ ሜዳ ልዩ ልዩ ስፍራዎች የጎርፍ ጠለፋዎች በሲሚንቶና በድንጋይ ተሠርተዋል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ገበሬውን ከየክረምቱ ድካም ለማሳረፍ የታሰበ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ አንዳንዶቹ ብዙ ሳይቈዩ በደለል ተሞልተው ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል። ምክንያቱ ሥውር አይደለም። የጠለፋው በር የተለካው ዓመቱን ሙሉ በጥራት ለሚፈስ ወንዝ በሚስማማ መጠን ነበር። የራያ ጎርፍ ግን ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አፈርና ድንጋይ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ጠባቡ በር ሲደፈን ገበሬው ጎኑን ቈፍሮ በአሮጌው መንገድ ውሃውን ወሰደ። ሲሚንቶውን አንወቅስም፤ የጎደለው ንድፉ ከመነደፉ በፊት የውሃውን አባት መጠየቅ ነበር።

ከዚህ ጉዞ ከተመለስን በኋላ፣ ደለልና ጎርፍ የሚያስቸግረው ሌላ ሕዝብ እንዴት እንዳደረገ ለማወቅ መጻሕፍት ስናገላብጥ፣ በቻይና አገር፣ በሲቹዋን ክፍለ ሀገር ያለውን የዱጂያንግያንን ነገር አገኘን። እውነት ለመናገር፣ ሽማግሌውን ባናገኝ ኖሮ ያነበብነው አይገባንም ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ256 ዓመት ገደማ፣ ለቺን መንግሥት የዚያን አገር ገዥ የነበረ ሊ ቢንግ የሚባል ሰው፣ ከተራራ ወደ ቼንግዱ ሜዳ የሚወርደውን የሚን ወንዝ ያለ ግድብ ለሁለት ከፈለው። ነገሩ ከራያ ጋር ይመሳሰላል፤ በዚያም ወንዙ ከደጋ ወርዶ ድንገት ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ በክረምት ያጥለቀልቃል፣ በበጋ ያስጠማል፣ ድንጋይና አሸዋም ያመጣል። ሊ ቢንግ በወንዙ መካከል የዓሣ አፍ የመሰለ መክፈያ ሠራ። መክፈያው የተሠራው ከቀርከሃ በተጠለፈ ረጃጅም ቅርጫት ውስጥ ድንጋይ እየሞሉ በመደርደር ነው። አንደኛው ክፍል ለመስኖ ወደ ሜዳው ይገባል፤ ሁለተኛው ትርፉን ይዞ ይሄዳል። ወደ ሜዳው የሚያስገባውን በር ለመክፈት ተራራውን መቅደድ ነበረባቸው። ባሩድ ገና ባልታወቀበት በዚያ ዘመን ቋጥኙን በእሳት እያጋሉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱበት ሰነጠቁት ይባላል። ከበሩ በፊትም ዝቅ ያለ ማፍሰሻ አለ፤ ውሃው ከልክ ሲያልፍ በዚያ ላይ ተርፎ፣ አሸዋውንና ጠጠሩንም ይዞ ወደ ውጭው ክፍል ይወረወራል።

ትርፉ ውሃ እንዲያልፍ ዝቅ ብሎ የተሠራው የሲቹዋን ማፍሰሻና እንዲሰበር የተሠራው የቆቦ ክትር አንድ ዐሳብ ናቸው። ሁለቱም ጎርፍን ልናሸንፈው አንችልም፤ መንገድ ልንሰጠው ግን እንችላለን ይላሉ። የሊ ቢንግ ሥራ ከ2,200 ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ይሠራል፤ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ያጠጣል። ከራያ ሜዳ በላይ ያለውን የእኛን ላሊበላን በፈረንጆች 1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ ይህንንም በ2000 ዓ.ም. መዝግቦታል።

ይሁን እንጂ እኛን እጅግ ያስደነቀን ከወንዙ በላይ በተራራው ገመገም ላይ የተሠራው መቅደስ ነው። ስሙ ኤርዋንግ ይባላል፤ የሁለቱ ነገሥታት መቅደስ ማለት ነው። የሚጠብቁት የታኦ እምነት ሰዎች ናቸው። ታኦ የቻይና ጥንታዊ እምነት ሲሆን፣ ሰው ከተፈጥሮ አካሄድ ጋር ተስማምቶ እንዲኖር የሚያስተምር፣ ውሃንም የትሕትና ምሳሌ አድርጎ የሚያከብር ነው። በዚህ መቅደስ ውስጥ የውሃ ጌታ ተብሎ የሚከበረው ማን ነው ቢሉ፣ ያው የቦዩ ሠሪ ሊ ቢንግ ነው፤ ሁለተኛውም በአፈ ታሪክ ረዳቱ ነበር የሚባለው ልጁ ነው።

ስለ ሊ ቢንግ የሚተረከውም ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ቀድሞ የወንዙ ጌታ በየዓመቱ ልጃገረዶች በሚስትነት ይቀርቡለት ነበር ይባላል። ሊ ቢንግ የገዛ ልጆቹን እሰጣለሁ ብሎ ወጣ፤ በኋላም በበሬ አምሳል ሆኖ ከወንዙ ጌታ ጋር ታግሎ ጣለው ይላሉ። ቤሩታዊቷን ልጅ ከዘንዶ ያዳነውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው የነገሩ ስሜት ወዲያው ይገባዋል። ሕዝቡ ከዚያ በኋላ የፈራውን ወንዝ ትቶ ወንዙን የገራውን ሰው አከበረ።

አክብሮቱም ሥራ የሌለበት ባዶ አክብሮት አልነበረም። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ጸሎት ብቻ አይደለም፤ የቦይ አጠባበቅ ሕግም አለበት። ወለሉን በጥልቀት እንዲጠርጉ፣ ማፍሰሻውን ግን ከፍ አድርገው እንዳይሠሩ ያዛል። በየዓመቱ በበጋ ውሃው ሲጎድል ወንዙን በእንጨት ሦስት እግሮች ዘግተው ደለሉን ያወጡ ነበር። የጥርጊያው ልክ እንዳይረሳ ከወለሉ በታች ብረት ተቀብሯል፤ ቈፋሪው ብረቱን እስኪያገኝ ድረስ መቈፈር አለበት። ጥርጊያው ሲያልቅ፣ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ውሃው በክብር ይለቀቃል። በዓሉ ዛሬም ይከበራል።

ሌላም ነገር አለ። የጥንት ጸሐፊዎቻቸው እንደሚሉት፣ ሊ ቢንግ በወንዙ ውስጥ ሦስት የድንጋይ ሰዎች አቁሞ ነበር። ውሃው በበጋ ከእግራቸው በታች እንዳይወርድ፣ በክረምትም ከትከሻቸው በላይ እንዳይወጣ በእነርሱ ይለካ ነበር። በፈረንጆች 1974 ዓ.ም. ከወንዙ ወለል አንድ የድንጋይ ሐውልት ተቈፍሮ ወጣ። ቁመቱ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ የሊ ቢንግ ምስል መሆኑና በ168 ዓ.ም. መቀረጹ በላዩ ተጽፎበታል። በውሃው ውስጥ ያቆሙት ውሃውን እንዲጠብቅ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በዚያ አገር ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ መቅደሱ ብርቱ ጉዳት አገኘው፤ የመስኖው ሥራ ግን በመጠኑ ብቻ ተጎድቶ ማጠጣቱን ቀጠለ። መቅደሱም በኋላ ታድሷል።

እንግዲህ አንድ አንባቢ፣ «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል? ለሰው ሐውልት መስገድ፣ ለወንዝ መቅደስ መሥራት የእኛ አይደለም» ሊለን ይችላል። እኛም በቆቦ መቅደስ ይሠራ አላልንም። ለውሃ ያለንን ክብርም ከውጭ አገር መበደር አያስፈልገንም፤ ሞልቶ ተርፎናል። በጎጃም፣ በሰከላ፣ የግሽ ዓባይ ምንጭ ከሩቅ ሰው የሚሳለመው ጠበል ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በፈረንጆች 1618 ዓ.ም.፣ ጄምስ ብሩስም በ1770 ዓ.ም. ወደዚያ በደረሱ ጊዜ፣ የአገሩ አገው በምንጩ ዘንድ መሥዋዕት የሚያቀርብ መሆኑን ጽፈዋል። አቡነ ዘርአ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳይርሱ ተቀበሉ የሚለውም ትውፊት የታወቀ ነው። በወሎም ዝናብ ሲዘገይ ክርስቲያኑ ምሕላ ይይዛል፣ እስላሙ በሜዳ ወጥቶ ይሰግዳል፤ በወዳጃ ላይ ቡና ተፈልቶ ሽማግሎች ዱዓ ያደርጋሉ። ጎረቤት ለጎረቤት አሜን ይላል።

ልዩነቱ ይህ ነው። እኛ ውሃው እንዲመጣ የምንጸልይበት ቀን አለን፤ የመጣውን ውሃ ለመያዝና ለማካፈል የምንወጣበት ቀን ግን የሽማግሎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የሲቹዋን ሰዎች ሁለቱን በአንድ ቀን አደረጉት። ቦይ መጥረግን የተከበረ ሥራ ስላደረጉት፣ ነገሥታት ሲለዋወጡ፣ ጦርነት ሲያልፍና ሲመለስ፣ ቦዩ ተጠራጊ አላጣም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የጦርነት እሳት ሁለት ጊዜ ቆቦ ደርሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሞተር ይነቀላል፣ ሽቦ ይቈረጣል፣ መዝገብ ይቃጠላል። በሕዝብ ልብ ውስጥ ያለ ሕግ ግን ከሕዝቡ ጋር ይተርፋል።

ነገሩ ይበልጥ የሚያስጨንቀን ዛሬ በራያ ሜዳ ሌላ ውሃ ስለ ተገኘ ነው። ይህም ከምድር በታች ያለው ነው። በቆቦና በጊራና ሸለቆ በተቋቋመው የልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቈፍረው፣ ውሃው በሞተር እየተሳበ በቧንቧና በጠብታ መስኖ ወደ ማሳ እንዲደርስ ተደርጓል። ማሽላና ጤፍ ብቻ ይበቅልበት በነበረው መሬት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ሲለቀም ማየት ደስ ያሰኛል። ይህን ሥራ የሚነቅፍ ሰው ቢኖር ረሃብን ያላየ ነው።

ነገር ግን ጎርፍ በዓይን ይታያል፤ በጆሮም ይሰማል። ጎረቤትህ ከተራው በላይ ቢወስድ ታየዋለህ፤ ነገሩንም ለውሃው አባት ትነግራለህ። የከርሰ ምድርን ውሃ ግን የሚያየው የለም። አንዱ በራስጌ ሌት ተቀን ቢስብ፣ በግርጌ ያለው ጉድጓድ ዝቅ ማለቱን የሚያውቀው ሞተሩ አየር መሳብ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ማንን ይከሳል? ደግሞም ሁለቱ ውሃዎች የተለያዩ አይደሉም። በምዕራቡ ተራራ ግርጌ፣ ጠጠሩ በበዛበት ስፍራ፣ ጎርፉ እየሰረገ ወደ ምድር ይገባል፤ ጉድጓዱን የሚሞላው ይኸው ነው። ጎርፉን የምናባክን ከሆነ ጉድጓዱንም እያደረቅነው ነው። እንግዲህ የሚታየው ውሃ አባት ካለው፣ የማይታየውስ ውሃ አባት ማን ነው?

ስለዚህ ጥቂት ዐሳብ ማቅረብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ የውሃ አባቶች ሕግ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስጽፋሉ፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ በቦይ ዳር፣ በሽማግሎች አፍ ቢጻፉ ከብዙዎቹ የበለጠ ይጠቅማሉ። ሲጻፍም ጉድለቱ አብሮ ይታይ። ያልተጻፈ ሕግ ለብርቱ ሰው ይመቻል። ባሏ የሞተባት ሴት አካፋ ይዛ በሌሊት ልትወጣ ካልቻለች ተራዋን ማን ይጠብቅላታል? አሮጌ ነው ብለን አንጣለው፤ አሮጌ ነው ብለንም አንስገድለት።

ሁለተኛ፣ መሐንዲሱ ንድፉን ከማውጣቱ በፊት አንድ ክረምት በቦዩ አፍ ይደር። ጎርፉ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ምን ያህል ድንጋይ እንደሚያመጣ፣ ክትሩ በየት በኩል እንዲሰበር እንደሚተዉት ከውሃው አባት ይማር። ቀመሩ ከትምህርት ቤት ይገኛል፤ ወንዙ ግን የሚገኘው ከወንዙ ዳር ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ለማይታየው ውሃም መለኪያ ይደረግለት። የሲቹዋን የድንጋይ ሰው እግርና ትከሻ እንደ ነበረው፣ ለየጉድጓዱ የውሃው ልክ ይታወቅ። ልኩም በቢሮ መዝገብ ተዘግቶ እንዳይቀር፣ በዓመት አንድ ቀን ገበሬው በተሰበሰበበት፣ ገበሬው በሚገባው ቋንቋ ይነበብ። «ዘንድሮ ውሃችን ይህን ያህል ክንድ ወረደ» ሲባል የሰማ ሕዝብ፣ ሞተሩን ማን መቼ ማጥፋት እንዳለበት ራሱ ይመክራል። ለመምከር ልማዱም ሽማግሌውም አለው።

አራተኛ፣ የቦይ ጥርጊያ ቀን የክብር ቀን ይሁን። ተማሪው ከትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ከቢሮው፣ ካህኑና ሼሁ ከየደጃቸው ወጥተው ጎን ለጎን አንድ ቀን አካፋ ይያዙ። ወጪ የለውም፤ ሐውልትም አያስፈልገውም። ልጅ ግን አባቱ በበዓል ልብስ ሳይሆን በጭቃ ልብስ የተከበረበትን ቀን ሲያይ ያድጋል።

በቆቦ ወዳገኘናቸው ሽማግሌ ተመልሰን ነገራችንን እንፈጽም። በማታው ከቤታቸው ቡና ጋብዘውን ሳለ፣ «አባቴ፣ ከእርስዎ በኋላ ይህን ሥራ የሚይዝ ማን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ ዓረብ አገር ነው። ስልክ ሲደውል ጎርፍ መጣ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል» አሉን። ከዚህ ሌላ አልጨመሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በዚያች ሌሊት በደጋው በኩል ሰማዩ ደጋግሞ በራ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የጎርፉ ድምፅ ተሰማ፤ ሰዎችም ሲጠራሩ ሰማን። በማለዳ ወደ ወንዙ ስንሄድ ክትሩ ሄዷል። ማሳዎቹ ግን የቡና አተላ በመሰለ ደለል ተሸፍነው፣ ረግበው ይታያሉ። ሽማግሌው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ቆመው፣ ሰዎቹን እንደ ገና ሥራ እያከፋፈሉ ነበር። ከሩቅ አይተውን፣ «አየህ፣ ተሰበረልን!» አሉን።

እኛ ወጣቶች ስለ ልማት ብዙ እንናገራለን። ያ ሽማግሌ ሲደክማቸው አካፋውን የሚቀበላቸው፣ ቃላቸውንም የሚጽፍላቸው ከመካከላችን አንድ ሰው ካልተገኘ ግን፣ ጎርፉ ለሚመጡት ክረምቶች ሁሉ መምጣቱን አይተውም፤ ሲሰበርም የሚሰበረው ለእኛ ሳይሆን በእኛ ላይ ይሆናል።